የድኻው ጥበብ እንዳይረሳ

በመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 9 የሚገኘውን የትንሿን ከተማ ታሪክ አብዛኞቻችን ሰምተነዋል። ኃይለኛ ንጉሥ መጥቶ ከበባት፤ በውስጧ ይኖር የነበረ አንድ ድኻ ሰውም በጥበቡ አዳናት። ከተማዪቱ ከዳነች በኋላ ግን ስሙን የሚያነሣ አልተገኘም።

ይህ ታሪክ የሰውየውን ጥበብ ብቻ ሳይሆን የከተማዋን ሰዎች ጥፋትም ያሳያል። በጥበቡ ተጠቀሙ፤ ባለቤቱን ረሱ፤ ሌላ ምን እንደሚያውቅም አልጠየቁትም። የዛሬው ትምህርታችን ይህ ነው፦ ተራው ሰው ለኅብረተሰቡ የሚበጅ ሐሳብ አለው፤ ሐሳቡ ተሰብስቦ ለሌላው ካልተካፈለ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

1ኛ/ ከወሎ ማሳ የተገኘ ምሳሌ

የወሎ ገበሬ ማሽላ ሲዘራ አንድ ዓይነት ብቻ አይዘራም። ደገሌትና ጅጉርቲ የመሳሰሉትን እንደ አፈሩና እንደ ዝናቡ እየለየ ይዘራል። ከእነዚህ መካከል «ወተት በጉንጬ» የሚባል ማሽላ አለ። ፍሬው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ምርቱም ከሌላው ያንሳል። እንዲህ ከሆነ ገበሬው ለምን አልጣለውም? በእሸቱ ተጠብሶ ሲበላ ጣፋጭና ጠቃሚ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ከሌላው ማሽላ ጋር አደባልቆ እየዘራ ከአባት ወደ ልጅ አስተላለፈው። ዕውቀቱንም በስሙ ውስጥ አኖረው።

በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ 9 ሺህ ያህል የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ላይሲን የተባለው ለሰው አካል እጅግ አስፈላጊ የሆነ የፕሮቲን ክፍል በብዛት የተገኘባቸው ሁለት ዓይነቶች ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ከወሎ የሄዱ ናቸው! ያ ዘመን በእኛ አቆጣጠር 1965 እና 1966 ዓ.ም. መሆኑን ልብ በሉ። የወሎ ማሽላ በዓለም ፊት በተመሰገነበት ወቅት የወሎ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። ማሽላዎቹ በሳይንስ መዝገብ በቁጥር ይጠራሉ፤ መርጠው ያቆዩአቸው ገበሬዎች ግን በስም አይታወቁም። የመክብብ ታሪክ በእኛው አገር ተደገመ ማለት ነው።

2ኛ/ ዘር ሲጠፋ ዕውቀትም ይጠፋል

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለመብላት ተገደደ። የተበላው ዘር ብቻ እንዳይመስለን። የትኛው ዘር በየትኛው መሬት እንደሚበቅል፣ የትኛው ዝናብ ሲዘገይ እንደሚደርስ የሚናገር ብዙ ዘመን የተደከመበት ዕውቀትም አብሮ ተበላ።

ይህን አደጋ ካስተዋሉት አንዱ በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን የዕፅዋት ዘር ሀብት ማእከል ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በድርቁ ዘመን የገበሬውን ዘር ሳያልቅ እየዞሩ ሰበሰቡ። በኋላም በሸዋና በወሎ ዘሩን ለገበሬው መልሰው፣ በገዛ ማሳው እየመረጠ እንዲያሻሽለው ከእርሱ ጋር ሠሩ። ስለዚህ ሥራቸው በ1989 እ.ኤ.አ. ብዙዎች «ተለዋጭ ኖቤል» የሚሉትን ሽልማት ተቀብለዋል። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት በአንድ ቃል ይጠቃለላል፤ «መመለስ»። የተሰበሰበ ነገር ወደ ባለቤቱ ካልተመለሰ ወረት ሆኖ ይቀራል።

3ኛ/ ከንብ የምንማረው

በሕንድ አገር ፕሮፌሰር አኒል ጉፕታ የተባሉ መምህር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የገበሬዎችንና የእጅ ባለ ሙያዎችን ፈጠራ የሚሰበስብ ማኅበር መሠረቱ። ስሙንም «ንብ» አሉት። ንብ ከአበባ ስትቀስም አበባውን አታደኸየውም፤ ይልቁንም ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው እየሄደች ታዛምዳቸዋለች፤ ፍሬም እንዲያፈሩ ትረዳለች። በአምባሰል ቀፎ ለሚሰቅል ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የማኅበሩ ሰዎች በበጋና በክረምት ከመንደር ወደ መንደር በእግራቸው ይጓዛሉ። ሐሳብ የሰጣቸውን ሰው በስሙ ይጽፋሉ፤ የጻፉትን በሕዝቡ ቋንቋ ይመልሳሉ፤ ጥቅም ከተገኘም ባለቤቱ እንዲካፈል ይጥራሉ።

ካገዟቸው ሰዎች አንዱ ማንሱክባይ ፕራጃፓቲ የተባለ የጉጅራት ሸክላ ሠሪ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በአገሩ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ያለ ኤሌክትሪክ አትክልትና ወተት የሚያቀዘቅዝ የሸክላ ማቀዝቀዣ ለመሥራት ተነሣ፤ ሠራም። ምሥጢሩ እናቶቻችን በእንስራ ከሚያውቁት የተለየ አይደለም፤ ውሃው በሸክላው እየሰረገ ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል።

4ኛ/ እኛስ ምን እናድርግ?

የሐይቅ ልጆች ለዚህ ሥራ አርአያ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። በ13ኛው ምዕተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍት አሰባሰቡ፤ ደቀ መዛሙርት አስተማሩ። ደቀ መዛሙርቱም በገዳሙ ታጥረው አልቀሩም፤ በየአገሩ ተበትነው የተማሩትን አካፈሉ። መሰብሰብና ማካፈል እንግዲህ የቆየ የአገራችን ሥራ ነው።

መሰብሰቢያውም አለን። ቅሬ በብዙ ቦታ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን አንድ ላይ ይዞ ይቀብራል፤ ያጽናናል። በጅጌ እንተጋገዛለን። ነገር ግን ለሐዘንና ለጉልበት የተሰበሰበው ሰው ለሐሳብም ቢሰበሰብ ምን ይጎድላል? ስለዚህ የሚከተለውን ብንጀምር መልካም ነው፦

ሀ/ አንድ ደብተር እናዘጋጅ። በወር አንድ ጊዜ ወደ አንድ ሰው ቤት እንሂድ። በስብሰባ የማይናገሩ እናቶች ዘር አጠባበቅንና የቤት ብልሃትን ከማንም በላይ ስለሚያውቁ ከእነርሱ እንጀምር።

ለ/ ሐሳቡን፣ ችግሩን፣ የተሞከረበትን ቦታና ያልሠራበትን ምክንያት እንጻፍ። የባለቤቱን ስም በፈቃዱ ብቻ እንጻፍ።

ሐ/ የጻፍነውን ለተናጋሪው እናንብብለት፤ የተሳሳተውን ያርመው።

መ/ በቅሬው ፈቃድ ለሕዝብ እናንብብ። ፈቃደኛ የሆነ ሰው በትንሽ ቦታ ይሞክረው። የቆየ ሐሳብ ሁሉ ትክክል፣ አዲስ ሐሳብ ሁሉ መልካም አይደለምና ሳይፈተን አይወደስ።

ከመካከላችን ብዙው ወጣት ወደ ከተማና ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል፤ አረጋውያኑም በየዓመቱ ይለዩናል። ጠያቂው ርቆ ሳለ ተጠያቂው ቢሞት ከዚያ ወዲያ ማንን እንጠይቃለን? ደብተርና እርሳስ ለመግዛት ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ጊዜው ግን አጭር ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የትንሿ ከተማ ሰዎች ድኻውን የረሱት ለምን ይመስላችኋል?
2. በሰፈራችሁ ስሙ ሳይነገር ሁላችንም የምንጠቀምበት የማን ብልሃት አለ?
3. እስከሚቀጥለው እሑድ እያንዳንዳችሁ አንድ አረጋዊ ጠይቃችሁ የሰማችሁትን ጽፋችሁ ኑ።