የልጆች የሕክምና ምርመራ ውጤትና የወላጆች መብት

ወላጅ ልጁን የማሳደግ ግዴታ ያለበት እንደ መሆኑ መጠን፥ ስለ ልጁ ጤና ለማወቅ መፈለጉ የተገባ ነው። ሐኪምም በበኩሉ የታማሚውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ታማሚው 18 ዓመት ያልሞላው ወጣት በሆነ ጊዜ ግን ሁለቱ ግዴታዎች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። የምርመራው ውጤት ለወላጅ ይሰጣልን ወይስ ለራሱ ለወጣቱ? የጎረቤት አገር የኬንያ ሕግ ይህን ጥያቄ የፈታበት መንገድ ለከተማ ነዋሪና ለሹማምንት ትምህርት የሚሆን ነው። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዌስትላንድስ በናይሮቢ ከተማ የሚገኝ፥ ንግድ የደራበት ሰፈር ነው። በአጠገቡ ባለው በፓርክላንድስ በ1958 የተከፈተው የአጋ ካን ሆስፒታል ይገኛል። በዚህ አካባቢ ወዳሉት ሕክምና ቤቶች ልጃቸውን ይዘው የሚሄዱ ወላጆችና ብቻቸውን የሚሄዱ ወጣቶች የሚተዳደሩበት ሕግ አንድ ነው፤ ሕክምና ቤቱ የመንግሥትም ሆነ የግል ልዩነት የለውም።

ስለ ኤች አይ ቪና ኤድስ መከላከል በ2006 የወጣው የኬንያ ሕግ በ14ኛው አንቀጽ፥ ማንም ሰው ሳይፈቅድ እንዳይመረመር ይከለክላል። ተመርማሪው ልጅ ከሆነ ወላጁ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊው በጽሑፍ መፍቀድ አለበት። ነገር ግን ያረገዘች፥ ያገባ፥ ልጅ የወለደ፥ ወይም ለበሽታው በሚያጋልጥ ጠባይ ውስጥ ያለ ልጅ ራሱ በጽሑፍ ሊፈቅድ ይችላል። 18ኛው አንቀጽም ይህንኑ ተከትሎ፥ የልጅ ውጤት ለወላጁ ወይም ለአሳዳጊው እንዲሰጥ፥ ልጁ ራሱ ፈቅዶ ከተመረመረ ግን ለልጁ እንዲሰጥ ያዝዛል።

ስለዚህ የ16 ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር መጥቶ እናቱ ፈርማ ቢመረመር ውጤቱ ለእናቱ ይነገራል። በዚያው ዕድሜ ያለች ያረገዘች ልጅ ግን ራስዋ ፈርማ ብትመረመር ውጤቱ የሚሰጠው ለእርስዋ ነው።

ይህ ሕግ የወላጅን ክብር ለመንካት የወጣ እንዳይመስል ምክንያቱን ማስተዋል ይገባል። ቍጣን ወይም ከቤት መባረርን የሚፈራ ወጣት ምስጢሩ እንደማይጠበቅለት ካወቀ ወደ ሐኪም መሄዱን ይተዋል፤ ሳይመረመርም መድኃኒት አያገኝም። በሌላ በኩል ደግሞ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በየቀኑ ያለ ማቋረጥ የሚወሰድ ስለ ሆነ፥ ልጁን የሚያስታውስና የሚያበረታታ ሰው በቤት ውስጥ ቢኖር ታላቅ ጥቅም አለው። ስለዚህ አስተዋይ ሐኪም ወጣቱ ራሱ ለወላጁ እንዲነግር ይመክረዋል፥ ያግዘዋልም፤ ያለ ፈቃዱ ግን አይገልጥበትም።

የልጅ ምስጢር ከወላጅ ብቻ ሳይሆን ከሹማምንትም የሚጠበቅ መሆኑ በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተረጋግጧል። በየካቲት 2015 ከፕሬዚዳንቱ በወጣ ትእዛዝ፥ የካውንቲ ኮሚሽነሮች ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸውን ተማሪዎች ዝርዝር እንዲሰበስቡ ታዝዘው ነበር። ዓላማው እርዳታ ለማድረስ ቢሆንም ስምና የጤና ሁኔታ በአንድ መዝገብ ላይ መጻፉ ክርክር አስነሣ። ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 2016፥ ትእዛዙ በ2010 ሕገ መንግሥት 31ኛ አንቀጽ የተደነገገውን የግል ምስጢር መብትና በ53ኛው አንቀጽ የተጠበቀውን የልጆች ጥቅም የሚጥስ ነው ሲል ፈረደ። የተሰበሰቡትም ስሞች ከጤናው ሁኔታ ጋር እንዳይያያዙ ሆነው በምልክት እንዲቀመጡ በ45 ቀን ውስጥ እንዲፈጸም አዘዘ።

በሌሎች አገሮችም ጥያቄው ተነሥቷል። በእንግሊዝ አገር አንዲት እናት፥ 16 ዓመት ላልሞላቸው ሴቶች ልጆችዋ ያለ እርስዋ ፈቃድ የወሊድ መከላከያ ምክር እንዳይሰጥ ብትከስስም፥ የጌቶች ምክር ቤት በ1985 በቂ ማስተዋል ያለው ልጅ ራሱ ሊፈቅድ ይችላል ሲል ፈርዶባታል። በኢትዮጵያም በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ይለዋል፤ ሆኖም ስለ ኤች አይ ቪ ምርመራ በ2007 የወጣው መመሪያ 15 ዓመት የሞላው ሰው ራሱ ፈቅዶ እንዲመረመር ፈቅዶ ነበር። በ2004 የወጣውም የወንጀል ሕግ በ399ኛው አንቀጽ የሙያ ምስጢር የሚያወጣውን ይቀጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ወላጅ ልጁን ለማስመርመር ሲፈርም ውጤቱን ለማወቅ መብት አለው፤ ያን መብት ይዞ ልጁን ማዋረድ ወይም ለጎረቤት ማውራት ግን አይገባውም። መምህርም ሆነ የአስተዳደር ሹም፥ የልጁን የጤና መዝገብ ከመጠየቁ በፊት ሕጉ ይህን ሥልጣን ሰጥቶት እንደ ሆነ መመርመር ግዴታው ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በቤት ውስጥ ያለው መተማመን ነው፤ ሳይቈጡ የሚያዳምጡ ወላጆች በሕግ ሊያስገድዱት የማይችሉትን ምስጢር ልጃቸው በፈቃዱ ሊነግራቸው ይችላልና።