ኳሱ በጎን መስመር ሲወጣ ምን እናድርግ?

የዛሬው የስፖርት አምዳችን ስለ ቅርጫት ኳስ ነው። ርዕሱም ከጎን መስመር ኳስ ማስገባት ነው።

በክፍል ለክፍል ግጥሚያ ላይ አስተውላችሁ ይሆናል። ኳስ ወጥቶ አንዱ ሊወረውር ሲቆም አራቱ ጓደኞቹ «ለኔ! ለኔ!» እያሉ ወደሱ ይሮጣሉ። ተከላካዮቹም ተከትለው ይመጣሉ። ሁሉም አንድ ቦታ ይታፈግና ኳሱ ይነጠቃል። ከዚያ ወርዋሪው ይሰደባል። ግን ጥፋቱ የሱ ብቻ ነው? አይደለም። ዋናው ችግር ማን ወዴት እንደሚሮጥ ቀድሞ አለመነጋገር ነው።

በመጀመሪያ ሕጉን እንወቅ
1. ወርዋሪው ዳኛው ኳሱን ከሰጠው ጀምሮ 5 ሰከንድ ብቻ አለው። ይህ ሕግ የጨዋታውን ያህል ያረጀ ነው። ጀምስ ናይስሚዝ የተባሉት መምህር እ.ኤ.አ. በ1891 አሜሪካ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ጨዋታውን ሲፈጥሩ ካወጧቸው 13 ሕጎች በአንዱ ውስጥ ይገኛል።
2. ኳሱ ከእጁ ሳይወጣ ሜዳውን መርገጥ አይችልም።
3. በመስመሩ ላይ ወዲያ ወዲህ መሮጥ አይፈቀድለትም። በዓለም አቀፉ ሕግ ወደ ጎን መሄድ የሚችለው እስከ 1 ሜትር ብቻ ነው።
ከነዚህ አንዱን ከጣሰ ኳሱ ለተቃራኒ ቡድን ይሰጣል።

ለምን ይከብዳል?
ወርዋሪው ውጭ ስለሆነ ሜዳ ውስጥ እኛ አራት ነን፤ እነሱ ግን አምስት ናቸው። ስለዚህ በጉልበት ሳይሆን በዕቅድ ነው የምናስገባው።

የሰልፍ ዕቅድ
ኳሱ የሚገባው ነጥብ የምናስቆጥርበት ቅርጫት ባለበት በኩል ነው እንበል። አራቱ ልጆች ልክ እንደ ጠዋት ሰልፍ አንዱ ካንዱ ኋላ ሆነው ፊታቸውን ወደ ወርዋሪው ያዞራሉ። የፊተኛው ከመስመሩ 3 ሜትር ያህል ይራቅ። ወርዋሪው ኳሱን በመዳፉ ጠፍ ሲያደርግ ምልክት ነው።

• አንደኛው ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል።
• ሁለተኛው ወደ መሃል መስመር አቅጣጫ ይሮጣል፤ መስመሩን ግን አያልፍም።
• ሦስተኛው ካለበት ሳይነቃነቅ ይቆማል። ይህን አሰልጣኞች ስክሪን ይሉታል። መግፋት ወይም እግር መዘርጋት ግን ፋውል ነው።
• አራተኛው በሦስተኛው ትከሻ ጥግ ታኮ፣ በተከፈተው ቦታ በቀጥታ ወደ ኳሱ ይመጣል። የሱ ተከላካይ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ መንገድ ይዘጋበታል።

ወርዋሪው በልቡ ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት ሲል አንደኛውን ያያል። ሦስት ሲል አራተኛውን ያያል። ሁለቱም ከተያዙ አራት ሲል ለሁለተኛው ይሰጣል። አምስትን መጠበቅ የለበትም። ከወረወረ በኋላም ቆሞ አይመልከት! ቶሎ ገብቶ ባዶ ቦታ ይያዝ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ተጫዋች እሱ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አጭር ነው ተብሎ ኳስ የማይሰጠው ልጅ አራተኛ ቢሆን ኳሱ ራሱ ይፈልገዋል። ሦስተኛው ደግሞ ኳሱን ጨርሶ ላይነካው ይችላል። ነገር ግን እሱ ባይቆም አራተኛው ነፃ አይወጣም። ነጥብ ሲቆጠር ለሱም አጨብጭቡለት።

እንዴት እንለማመድ?
ኳስ ባይኖርም ይቻላል። በእረፍት ሰዓት አምስት ቆርኪ ለኛ፣ አምስት ጠጠር ለተከላካዮች አድርጋችሁ መሬት ላይ አንቀሳቅሱ። ከዚያ ሜዳ ላይ በእርምጃ፣ በመጨረሻም በሩጫ ሞክሩት። ቦታም ተቀያየሩ።

የአንባቢዎች ጥያቄ
ሀ. ተከላካዮቹ ዕቅዱን ካወቁት ምልክቱን ሳትቀይሩ ምን ትቀይራላችሁ?
ለ. የወርዋሪው ተከላካይ እሱን ትቶ ወደ ቅርጫቱ ቢሮጥ ኳሱ ለማን ይሰጥ?

መልሳችሁን ከነሥዕሉ በሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ ክተቱልን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ መልካም ጨዋታ!