በሰው ማሳ ላይ ለምትዘሪው

ልጄ፣

በጎበሳ ዙሪያ ያሉት መሠረታዊ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አብረው ሊሠሩ መስማማታቸውንና ጸሐፊነቱን ላንቺ መስጠታቸውን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ኮሚቴው «ሥራችንን ሁሉ በፌስቡክና በቴሌግራም እናድርገው» በሚሉና «ጭራሽ እንዳንነካው» በሚሉ ለሁለት ተከፍሏል አሉ። ጠይቀሽኛልና የማስበውን በቁጥር እያደረግሁ ልጽፍልሽ።

1. መጀመሪያ አባቴ ላይ የደረሰውን ስሚ። ጢዮ ውስጥ ጭሰኛ ነበር። በ1960ዎቹ መባቻ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት አሰላ ላይ ያቋቋሙት፣ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት የጭላሎ አውራጃን ገበሬ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያስለምድ ጀመር። ለትንሹ ገበሬ የታሰበ ሥራ ነበር፤ ስንዴውም እውነትም ሰጠ። አባቴ ማዳበሪያውን ወሰደ፣ አረመ፣ ጎተራው ሞላ። የሞላውን ጎተራ ግን ባለመሬቱም አየው። በዓመቱ ገና እርሻ ሳይጀመር «ትራክተር ላስገባ ነውና ልቀቅ» አለው። በዚያን ጊዜ ጭላሎ ውስጥ እንዲህ የተነቀለው ጭሰኛ ብዙ ነው። አባቴ ያጠፋው ነገር አልነበረም። ዘሩም ጥሩ፣ ማዳበሪያውም ጥሩ፣ ክንዱም ጥሩ ነበር። መሬቱ ብቻ የእሱ አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጁ ወጥቶ መሬት የሕዝብ ሲሆን እኛ እቃችንን በአህያ ጭነን ከጢዮ ከወጣን ቆይተን ነበር።

ፌስቡክ ላይ ስለምትከፍቺው ገጽ ሳስብ የሚታየኝ ያ ማሳ ነው። አራሿ አንቺ ነሽ፣ ዘሩ የአባሎችሽ ወሬና ፎቶ ነው፣ ባለመሬቱ ካሊፎርኒያ ተቀምጧል። የለጠፍሽውን ማስታወቂያ ለማን እንደሚያሳይና ከማን እንደሚሰውር የሚወስነው እሱ ነው። ዛሬ በነፃ ያሳየሽውን ነገ ካልከፈልሽ አላሳይም ቢልሽ፣ ወይም ገጹን ቢዘጋው፣ ሽማግሌ የምትልኪበት ደጅ የለውም። ኅብረት ሥራ ማለት ደግሞ ባለቤቱም አዛዡም አባሉ ነው ማለት ነው። እኛን ማኅበር ያደረገንን ነገር በሰው መሬት ላይ መትከል ያስፈራኛል።

2. ስለዚህ አትግቢ ማለቴ አይደለም። ጭሰኛም እኮ ቤተሰቡን ያበላ የነበረው ከዚያው ማሳ ነው። የአዲስ አበባን ዋጋ ደላላው ብቻ በሚያውቅበት ዘመን ስንዴያችንን በስንት እንዳስረከብን እኔ አውቃለሁ፤ አንቺ አልደረስሽበትም። ዛሬ አንድ የጎበሳ ልጅ ከስልኩ ላይ ዋጋውን አይቶ ደላላውን «አይሆንም» ይለዋል። ባቄላና ገብስ የሚፈልገው ነጋዴ እዚያ ነው፤ ውጭ አገር ያለው የአርሲ ልጅም እዚያ ነው። ከእነዚህ መደበቅ ሞኝነት ነው። ገበያ እንደሚወጣ ሰው ሁኚ፦ እህልሽን አሳይተሽ፣ ዋጋ ጠይቀሽ፣ ተስማምተሽ ወደ ቤትሽ ተመለሺ። ጎተራውን ገበያ መሃል የሚሠራ ገበሬ አላየሁም።

3. ጎተራ የምለው መዝገቡን ነው። የአባሉ ስም፣ ቀበሌው፣ ስልኩ፣ ስንት እጣ እንደገዛ፣ ስንት ኩንታል እንዳስረከበ፣ በጉባኤ ምን እንደተወሰነ። ይህ በወረቀት ይኑር፣ በኮምፒውተርም ይኑር፣ ቅጂው ደግሞ ሌላ ቤት ይቀመጥ። የቴሌግራም ግሩፕ የአባላት መዝገብ አይደለም። ግሩፑ ውስጥ በአውራ ጣት የሚሰጥ ድምፅም የጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ አይደለም። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ስማርት ስልክ ያለው አባል ብቻ አይልም። ከአባሎቻችን መካከል ተራ ስልክ የያዙ፣ ስልኩ በባላቸው ወይም በልጃቸው እጅ ያለ ሴቶች አሉ። ስብሰባው በስልክ ከተጠራና በስልክ ካለቀ እነሱ ከማኅበሩ ወጡ ማለት ነው፣ ማንም ውጡ ሳይላቸው።

በ2015 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሺ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በመላ አገሪቱ ተዘግተው ከረሙ። ወሩን ቁጠሪው፦ የበልግ ዝግጅት፣ ከዚያ ማዳበሪያ መጣ አልመጣ የሚባልበት ጊዜ፣ ከዚያ የመኸር ዘር። ወጣቶቹ በቪፒኤን እየሾለኩ ገቡ፤ ሌላው ቀረ። የአባሉን ስልክ ቁጥር በእጁ የያዘ ጸሐፊ ደወለ፣ ቴክስት ላከ፣ በየቀበሌው ሰው ሰደደ። ቁጥሩን ግሩፑ ውስጥ ትቶት የነበረው ግን ባዶ እጁን ቀረ።

4. ቁልፉን ለአንድ ሰው አትስጪ። እኔ ባገለገልኩበት ማኅበር አንድ ጎበዝ ልጅ በራሱ ስልክና በራሱ ኢሜይል ገጽ ከፈተልን፤ ሰው ተሰበሰበ፣ ገዥም መጣ። ልጁ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ገጹም አብሮት ሄደ። ክፋት አልነበረውም፤ ስልኩ ጠፋና ፓስዎርዱም ጠፋ። ጥፋቱም የእሱ አይደለም፣ የእኛ የኮሚቴዎቹ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ገጹ በማኅበሩ ስልክና በማኅበሩ ኢሜይል ይከፈት፣ ቢያንስ ሦስት ሰዎች አስተዳዳሪ ይሁኑበት፣ ርክክብ ሲደረግ ከማኅተሙና ከደረሰኙ ጋር በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። «ገጻችሁ ሊዘጋ ነውና ይህን ተጫኑ» የሚል መልእክት ሲመጣ ማንም እንዳይነካው አስተምሪ።

5. ይህን ደግሞ እባክሽ አንዴ አንብበሽ አትለፊው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የኬሚስትሪ ምሁሩ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፎቷቸውና የሚኖሩበት ሰፈር ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ነበር። ልጃቸው የፌስቡክን ኩባንያ ናይሮቢ ፍርድ ቤት ከሰሰ። እኛ የገበሬ ማኅበር ነን፣ ምን አገናኘን አትበይ። «አቶ እገሌ፣ ከዚህ ቀበሌ፣ ይህን ያህል ኩንታል ሸጦ ይህን ያህል ብር ተቀበለ» ብሎ ከፎቶ ጋር መለጠፍ ለእኛ ማመስገን ነው፤ ለሌላው ግን ብሩ የት ቤት እንዳለ መንገር ነው። እህሉን ፎቶ አንሺ፣ ማሳውን አንሺ፣ መጋዘኑን አንሺ። ሰው ግን ሳይጠየቅ አይለጠፍ፤ ቢፈቅድም ገንዘቡና ቤቱ አይጠቀስ።

6. ኮሜንት ላይ ክርክር አትግጠሚ። የሚሰድብ ይስደብ፣ አንቺ ዋጋና ጥራት ጻፊ። በኦሮምኛም በአማርኛም ጻፊ፤ አባሉ በአብዛኛው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፣ ማንበብ ለሚከብደው ደግሞ ድምፅ ቀድተሽ ላኪ።

7. አንዱ የኮሚቴ አባል «ኩባንያዎቹን ትተን የራሳችንን ማኅበራዊ ሚዲያ እንሥራ» ብሏል አሉ። ሐሳቡን አልንቅም። እ.ኤ.አ. በ2017 አንዳንድ የትዊተር ባለአክሲዮኖች ኩባንያው ወደ ተጠቃሚዎቹ ኅብረት ሥራ የሚዞርበት መንገድ እንዲጠና ሐሳብ አቅርበው በድምፅ ብልጫ ወደቁ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ሀብታም ብቻውን ገዛው። በዚያው ዘመን ሌሎች ሰዎች ማስቶዶን በሚባለው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አባላቱ ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን ሶሻል ኩፕ አቋቁመዋል፣ እስከ ዛሬም አለ። ለእነሱ ሠርቷል። የእኛ ገዥ ግን እዚያ የለም፣ አባላችንም የለም፤ ሰው በሌለበት ገበያ መጮህ ይሆንብናል። ከዚያ ይልቅ 8028 የሚባለውን የስልክ መስመር ተመልከቺ። በ2006 ዓ.ም. ሲጀመር ገበሬው ከተራ ስልኩ በነፃ እየደወለ የእርሻ ምክር በገዛ ቋንቋው ይሰማ ነበር። ኢንተርኔት አልጠየቀውም፣ ማንበብም አልጠየቀውም። የራሳችን የምንለው ነገር ከዚያ ይጀምር፦ በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ ከየማኅበሩ አንድ ሰው ደውሎ ዋጋውን ይሰማ፣ እሱም ለሰፈሩ ይንገር፣ ያው ዋጋ መጋዘኑ በር ላይ ይለጠፍ።

8. ለኮሚቴው የምታቀርቢውን ሪፖርት ከመጻፍሽ በፊት ግን የመጋዘኑን ቁልፍ ተቀብለሽ፣ ከሚዛኑ ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ ያሉትን ሦስት መዝገቦች አውርጂ። የታችኛው መዝገብ ክረምት ላይ ውሃ ገብቶበታል፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተጣብቀዋል። ስሞቹን ከእኔ ሌላ የሚያነባቸው ሰው እየጠፋ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ይዘሽው ነይ፣ እኔ እያነበብኩ አንቺ ትገለብጪዋለሽ።