ቀጫጭን የሊግናይት ንብርብሮችን ለይቶ መቆፈር፦ የመለያው ወሰን በምን ይለካ?

በሰሜን ግሪክ፣ በምዕራብ መቄዶንያ የሚገኘው የፕቶሌማይዳ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የሀገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ዋነኛ የነዳጅ ምንጭ ሆኖ አገልግሏል። በጀርመን ራይንላንድ የሊግናይቱ ውፍረት በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ሲሆን፣ በፕቶሌማይዳ ግን ቀጫጭን የከሰል ንብርብሮች ከማርል፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት ከበዛበት ሸክላማ ድንጋይ፣ ጋር እየተፈራረቁ ተነባብረዋል። በቁፋሮው ግድግዳ ላይ ጥቁርና ነጣ ያለ መስመር ሆኖ ስለሚታይ ባለሙያዎች «የሜዳ አህያ ዓይነት» ክምችት ይሉታል። ሊግናይቱ ራሱ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ በመሆኑ የሙቀት ይዘቱ ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ ከማርሉ ጥቂት እንኳ ቢቀላቀልበት ጉዳቱ ቶሎ ይሰማል።

ለይቶ የመቆፈሩን ሥራ የሚያከናውነው በሚሽከረከር መንኮራኩር ዙሪያ ባልዲዎች የተደረደሩበት ግዙፍ ኤክስካቫተር ነው። ማሽኑ የቁፋሮውን ግድግዳ ከላይ ወደ ታች በአግድም እየከፈለ ይቆርጣል፤ የእያንዳንዱ ቁራጭ ቁመት ከንብርብሩ ውፍረት ጋር ሲስተካከል ከሰሉ ወደ ማከማቻ፣ ማርሉ ወደ መድፊያ በየራሱ ማጓጓዣ ቀበቶ ይላካል። ነገር ግን ቁራጩ በቀጠነ መጠን የማሽኑ የሰዓት ምርት ይቀንሳል፤ ቆራጩም የሁለቱን ንብርብሮች ድንበር በትክክል ሊከተል አይችልም። ከሰሉ ንጹሕ እንዲሆን ከተፈለገ ከድንበሩ ላይ ጥቂቱ ከማርሉ ጋር ይጣላል፤ ምንም እንዳይጣል ከተፈለገ ደግሞ ማርል ይገባበታል። ብክነትና ብረዛ በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ አይወርዱም።

ጉዳዩን በምሳሌያዊ ስሌት እንመልከት። እያንዳንዳቸው 1 ሜትር የሚወፍሩ ሁለት የሊግናይት ንብርብሮች በመካከላቸው 0.3 ሜትር ማርል አለ እንበል። የሊግናይቱ እፍጋት በሜትር ኩብ 1.2 ቶን፣ የሙቀት ይዘቱ በኪሎ ግራም 6 ሜጋጁል፣ የማርሉ እፍጋት 1.8 ቶን ይሁን። በአንድ ካሬ ሜትር ስፋት 2.4 ቶን ከሰልና 0.54 ቶን ማርል ይገኛል። ሁሉም በአንድነት ቢቆፈር 14.4 ጊጋጁል በ2.94 ቶን ላይ ይከፋፈልና ውጤቱ 4.9 ሜጋጁል ይሆናል። ለይተን ብንቆፍርና በሁለቱ የውስጥ ድንበሮች ላይ ከየከሰሉ 10 ሴንቲሜትር ብንጥል ግን የከሰሉ ጥራት 6 ሜጋጁል እንደሆነ ይቆያል፤ የሚገኘው ሙቀት ወደ 12.96 ጊጋጁል ይወርዳል። አሥር በመቶው ከማርሉ ጋር ተቀበረ ማለት ነው። የማርሉ ውፍረት 0.1 ሜትር ብቻ ቢሆን በአንድነት መቆፈሩ 5.6 ሜጋጁል ይሰጣል፤ ምንም ከሰል አይባክንም። እንግዲህ የኃይል ማመንጫው ቦይለር የተነደፈው ለ5.4 ሜጋጁል ከሆነ የመጀመሪያውን ማርል መለየት፣ የሁለተኛውን መተው ተገቢ ነው። ቦይለሩ ሲለወጥ ወሰኑም ይለወጣል።

ከላይ ያለው ስሌት ማርሉን እንደ ሙት ክብደት ብቻ ቈጥሮታል፤ ይህም ለማርሉ ያዳላል። አንድ ኪሎ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት በእሳቱ ውስጥ ሲፈርስ 1.8 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ከ0.54 ቶኑ ማርል 0.25 ቶን ካርቦኔት ቢሆንና ሁሉም ቢፈርስ 0.45 ጊጋጁል ስለሚጠፋ ጥራቱ ከ4.9 ወደ 4.75 ሜጋጁል ይወርዳል። በሌላ በኩል የሚወጣው ኖራ ከከሰሉ የሚነሣውን የሰልፈር ዳይኦክሳይድ በከፊል ይይዛል። ይህ ጥቅም እውነተኛ ቢሆንም፣ የአመድ ብዛት በወፍጮዎችና በአመድ ማስወገጃው ላይ የሚያደርሰውን ጫና የሚያካክስ አይመስለኝም።

ዋናው ችግር፣ በእኔ አስተያየት፣ ማሽኑ ሳይሆን የሂሳብ አያያዙ ነው። የማዕድኑ ክፍል በቶን ከተመዘነ ማርሉም እንደ ምርት ይቈጠርለታል፤ ለይቶ ለመቆፈር የሚያነሣሣው ምክንያት አይኖርም። ክፍያውና ምዘናው በጊጋጁል ሲሆን፣ ከአመድ ወሰን ጋር፣ ቆፋሪውና ማመንጫው አንድ ነገር መፈለግ ይጀምራሉ። ለዚህ በቀበቶው ላይ የሚተከሉ የጋማ ጨረር አመድ መለኪያዎች ይረዳሉ፤ ሆኖም ንባባቸው የሚመሠረተው በአመዱ አማካይ ይዘት ላይ ስለሆነ የካልሲየሙ መጠን ከንብርብር ንብርብር በሚለዋወጥበት ስፍራ ይዛባሉ። በመሆኑም በየንብርብሩ ናሙና እየወሰዱ ደጋግሞ ማረም ግድ ነው።

በሀገራችን በያዩና በደልቢ-ሞዬ የሚገኘውም የድንጋይ ከሰል ከሌሎች ደለል ድንጋዮች ጋር ተፈራርቆ የተነባበረ ስለሆነ ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣል። የፕቶሌማይዳን ቁጥር እንዳለ መውሰድ ግን አያስኬድም። በዚህ ከሰሉን የሚጠቀመው በዋናነት የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው፤ በሲሚንቶ ምድጃ ውስጥ ደግሞ አመዱ ተጠርጎ አይወጣም፣ ከክሊንከሩ ጋር ይዋሐዳል። ስለዚህ የመለያው ወሰን ከሙቀት ይዘቱ በተጨማሪ በአመዱ የሲሊካና የአሉሚና መጠን፣ እንዲሁም ፋብሪካው የጥሬ ዕቃ ቅይጡን ለማስተካከል ባለው ዐቅም መሠረት መሰላት ይኖርበታል።