ጥገኛ ተውሳክና የካንሰር በሽታ፤ ለመስኖ ገበሬና ለከብት አርቢ የሚጠቅም ትምህርት

ነቀርሳ ወይም ካንሰር የተባለው በሽታ ከእርሻ ሥራ ጋር ምን ግንኙነት አለው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ሊኖር ይችላል። ግንኙነት ግን አለው። ካንሰር ማለት የሰው ወይም የእንስሳ የገዛ ሕዋሱ ሥርዐቱን ትቶ ያለ ልክ መባዛቱ ነው። ይህን ከሚያስከትሉት ልዩ ልዩ ምክንያቶች አንዱ፥ በውኃ ወይም በምግብ አማካይነት ወደ ሰውነት የሚገባ ጥገኛ ተውሳክ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል። ስለዚህ ውኃ ጠልፎ የሚያለማ ገበሬ፥ ከብት የሚያረባ ሰውና የመስኖ ሥራ የሚያቅድ ሹም ነገሩን ማወቅ ይገባቸዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የግብፅ ቦዮችና የሽንት ፊኛ ካንሰር

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ምሳሌ የግብፅ ነው። በ1851 ዓ.ም. ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በካይሮ ከተማ የሞተ ሰው ሬሳ ሲመረምር፥ በደም ሥር ውስጥ የሚኖር አንድ ቀጭን ትል አገኘ። በሽታው በእርሱ ስም ቢልሃርዚያ ተባለ። በሽታው ግን አዲስ አልነበረም፤ በ1910 ዓ.ም. ሩፈር የተባለ ሊቅ ከሦስት ሺሕ ዓመት በፊት በሞቱ ግብፃውያን ደረቅ ሬሳ ኩላሊት ውስጥ የዚሁ ትል እንቁላል መኖሩን አሳይቷል። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ ፈርጉሰን የተባለው የካይሮ የሕክምና መምህር የ40 ሰዎችን ሁኔታ መርምሮ፥ ቢልሃርዚያና የሽንት ፊኛ ካንሰር አብረው እንደሚገኙ ጻፈ። በመጨረሻም በ1994 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ይህን የሽንት ቢልሃርዚያ ትል፥ በሰው ላይ ካንሰር ማስከተላቸው ከተረጋገጠው ነገሮች ጋር መደበው።

የትሉ አኗኗር እንደሚከተለው ነው። የታመመ ሰው በውኃ ውስጥ ወይም በውኃ ዳር ሲሸና እንቁላሉ ከሽንቱ ጋር ይወጣል። እንቁላሉ በውኃ ውስጥ ይፈለፈልና እጩ በአንድ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይባዛል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዓይን የማይታዩ ብዙ እጮች ከቀንድ አውጣው ወጥተው ይዋኛሉ፤ በውኃው የሚታጠበውን፥ የሚዋኘውን ወይም ቦይ የሚጠርገውን ሰው ቆዳ በስተው ይገባሉ። ቀንድ አውጣው በዚህ ነገር ያለውን ድርሻ ሌይፐር የተባለ እንግሊዛዊ በ1915 ዓ.ም. በግብፅ አረጋግጧል። ወንዱና ሴቷ ትል ተጣምረው በፊኛው ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ለብዙ ዓመታት ይኖራሉ።

እንቁላሉ ጫፉ ላይ እሾህ አለው። ከእንቁላሎቹ አንዱ ክፍል ከሽንት ጋር ሲወጣ ሌላው ክፍል በፊኛው ግድግዳ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ሰውነት ይህን ባዕድ ነገር ሲዋጋ ቦታው ይቆስላል፤ የቆሰለውን ለመጠገን ሕዋሳት ይባዛሉ፤ እንደገና ይቆስላል፥ እንደገና ይጠገናል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም በመባዛቱ መካከል ስሕተት ይፈጠራል። በተጨማሪም በታመመ ፊኛ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ካንሰር የሚያመጡ ቅመሞች እንዲፈጠሩ ያደርጋሉ። ካንሰር የሚይዘው ከታመሙት ሰዎች ጥቂቱን ነው፤ ነገር ግን ታማሚው ብዙ በሆነበት አገር ጥቂቱም ብዙ ነው።

በዚህ ላይ የእርሻ አሠራር ያለው ድርሻ ሊታሰብ ይገባል። በጥንቱ የግብፅ ልማድ የዓባይ ጎርፍ በዓመት አንድ ጊዜ መሬቱን አጥለቅልቆ ከሄደ በኋላ መሬቱ ይደርቅ ነበር፤ ብዙው ቀንድ አውጣም ይሞት ነበር። ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ግን ለጥጥ እርሻ ሲባል ግድብና ዓመቱን ሙሉ ውኃ የማይለየው ቦይ ተሠራ። እህሉና ጥጡ በዛ፤ ከዚያው ጋር ቀንድ አውጣውና በሽታው በዛ። መስኖ ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ መስኖ ያለ ጤና ጥበቃ ሲሠራ ዋጋው ከገበሬው ሰውነት ይከፈላል ማለት ነው። በኋላ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ለሕዝቡ በሰፊው ሲታደል በሽታው እጅግ ቀነሰ፤ ከእርሱ የሚመጣውም የፊኛ ካንሰር እንዲሁ ቀነሰ።

በእስያም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ጥሬ ዓሣ የሚበሉ ሰዎች በጉበታቸው የሐሞት ቱቦ የሚኖር ትል ይይዛቸዋል፤ ይህም ትል የሐሞት ቱቦ ካንሰር ያስከትላል። ዓሣውን በሚገባ አብስሎ መብላት ይህን ያስቀራል።

በከብት ላይ የሚታየው ድንቅ ነገር

በኬንያ፥ በኡጋንዳና በታንዛንያ የሚገኝ፥ በመዥገር የሚተላለፍ ቴይለሪያ የተባለ ተውሳክ አለ። በሽታው የምሥራቅ ጠረፍ ትኩሳት ይባላል፤ ብዙ ጥጆችንም ይፈጃል። ተውሳኩ በከብቱ ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሕዋሱ እንደ ካንሰር ያለ ማቋረጥ እንዲከፈል ያስገድደዋል፤ ሕዋሱ በተከፈለ ቍጥር ተውሳኩም አብሮ ይከፈላል። የሚያስደንቀው ግን ተውሳኩ በመድኃኒት ሲሞት ሕዋሱ መባዛቱን ማቆሙ ነው። ስለዚህ የካንሰር ተመራማሪዎች የከብት ሐኪሞች የሚያጠኑትን ይህን በሽታ በትጋት ይከታተላሉ። ይህ ተውሳክ ከብትን እንጂ ሰውን አይዝም።

ጥንቃቄ የሚያሻው ፍርድ

በሌላ በኩል ትል ሁሉ ካንሰር ያመጣል ብሎ መደምደም አይገባም። ዮሐንስ ፊቢገር የተባለ የዴንማርክ ሊቅ ትል በአይጥ ጨጓራ ካንሰር ያስከትላል በማለቱ የ1926 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። በኋላ ሲመረመር ግን ያየው እብጠት እውነተኛ ካንሰር እንዳልነበረና በአይጦቹ ምግብ ውስጥ ቪታሚን ኤ መጉደሉ ዋና ምክንያት እንደነበረ ታወቀ።

ለእኛ የሚሆን ምክር

በኢትዮጵያ የሽንት ቢልሃርዚያ በመካከለኛው አዋሽ፥ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በሱዳን ጠረፍ በኩርሙክ አካባቢ ተገኝቷል። በብዙ ቦታ የሚገኘው የአንጀቱ ዓይነት ነው፤ ከፊኛ ካንሰር ጋር የተያያዘው ግን የሽንቱ ነው። ስለ መከላከሉ አገራችን የራሷ ድርሻ አላት፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፥ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በምርምር አስረዱ። ይሁን እንጂ እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ያለ ባለሙያ ምክር ወደ ወንዝ መጨመር አይገባም።

እንግዲህ ገበሬው የሚከተለውን ይጠብቅ። በቦይና በኵሬ ውስጥ ወይም ዳር አይሽና፤ በመስኖው አጠገብ ሽንት ቤት ይቆፍር። ቀንድ አውጣ የሚጠጋበትን አረም ከቦዩ ይጥረግ፤ ሲጠርግም ውኃ የማያስገባ ቦት ጫማ ያድርግ። ልጆች በቆመ ውኃ እንዳይዋኙ ይከልክል። ሽንቱ ደም የቀላቀለ ሰው፥ ልጅም ቢሆን ሽማግሌ፥ ነገሩን እንደ ልማድ ወይም እንደ ነውር ሳይቈጥር ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ትሉ በጊዜው በመድኃኒት ይጠፋል፤ ዘግይቶ የመጣ ካንሰር ግን መዳኑ አስቸጋሪ ነው። የመስኖ ሥራ የሚያቅዱ ሹማምንትም የቦዩን ዋጋ ሲያሰሉ የንጹሕ ውኃ ጕድጓድን፥ የሽንት ቤትንና የመድኃኒትን ዋጋ አብረው ያስሉ።