ሁለገብ አመልካች ማለት ምን ማለት ነው?

እንደሚታወቀው በአገራችን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ «አንተ ማነህ?» ተብሎ አይጠየቅም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ ይናገርለታል። በ2015 ዓ.ም. ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የጨመረውም መግቢያ ያው ፈተና ነው። አሠራሩ ጨካኝ ሊባል ይችላል፤ ሆኖም ማን ፒያኖ እንደ ተማረ ሳይጠይቅ የሆመቾውንና የቦሌውን ልጅ በአንድ የጥያቄ ወረቀት ፊት ያስቀምጣቸዋል።

ነገሩ የሚለወጠው ከመካከላችን አንዱ፣ ወይም አገር ቤት ያለ ታናሻችን፣ ለውጭ አገር ኮሌጅ ያመለከተ እንደሆነ ነው። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች በጋራ የሚጠቀሙበት «ኮመን አፕሊኬሽን» የተባለው ቅጽ ከክፍል ውጭ የተሠራ ሥራ እስከ 10 ድረስ ያስመዘግባል፤ እስከ 650 ቃል የሚደርስ ድርሰትም ይጠይቃል። የኛ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ብዕሩ ይቆማል። የቴኒስ ክለብ የለ፣ የሙዚቃ ትምህርት የለ፤ «ምንም የለኝም» ይላል። ከዚያ ወይ ያልሆነውን የክበብ ሊቀ መንበር ሆኖ ይገኛል፣ ወይ ድርሰቱን በገንዘብ ያስጽፋል።

እስቲ አንዲት የሆመቾ ልጅ እናስብ። ታላቅ ወንድሟ እንደ ብዙ የሆሳዕና አካባቢ ወጣቶች ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከእናቷ ጋር እንሰት ትፍቃለች፤ በገበያ ቀን ቆጮ ትሸጣለች፤ ማታ ታናናሾቿን ታስጠናለች፤ አያቷ ሆሳዕና ሄደው ሲታከሙ የሀዲይሳውን ቃል ከሌላ አገር ለመጣው ሐኪም በአማርኛ የምታደርሰው እርሷ ናት። ይህች ልጅ «ምንም የለኝም» ብትል ማን ያምናታል? የሚያስገርመው ደግሞ ቅጹ ራሱ «የቤተሰብ ኃላፊነት» የሚል ክፍል ያለው መሆኑ ነው፤ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት ብሎ ይጠይቃል። «ታታሪ ነኝ» ከምትል «ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በሳምንት 12 ሰዓት ሦስት ታናናሾቼን አስጠናለሁ» ብትል አንባቢው ሰው ያያል። ሰዓቱን ግን ቆጥራ እንጂ ገምታ አትጻፍ።

በድርሰቱ ሁሉን ማጨቅ አያስፈልግም። የተቀበረው ቆጮ ለምን እንደሚብላላ፣ እናቷ መድረሱን በምን እንደምታውቅ፣ ከዚያም ተነሥታ ባዮሎጂን ለምን እንደ ወደደች ብትጽፍ ይበቃል። (ሁለገብ የሚለው ቃል ብዙዎቻችንን ሁሉን ነካክተን አንዱንም ሳንይዝ እንድንቀር ያደረገን ይመስለኛል።) «ድሃ ነኝና እዘኑልኝ» የሚል ድርሰት ግን እናት የምትኮራበትን ሙያ ለልመና ማውጣት ነው።

ስለ ምስክር ደብዳቤ አንድ ቃል። መምህራኖቻችን «ጠባየ መልካም፣ ትጉህ» ብለው ይፈርማሉ፤ ክፍሉ ሞልቶ ስለሚፈስ አይፈረድባቸውም። ሁለት ወር ቀድሞ ሄዶ፣ መምህሩ በዓይናቸው ያዩትን ሁለት ሦስት ነገር በወረቀት ጽፎ ማስታወስ ይረዳል።

የማመልከቻውን ክፍያ በተመለከተ፣ ችግረኛ አመልካችን ከክፍያ ነፃ የሚያደርጉ ኮሌጆች አሉ፤ መጠየቂያውም በዚያው ቅጽ ላይ ስለሚገኝ ዝም ብላችሁ አትለፉት።