የአንድ እንግሊዛዊ ደብር ታሪክ እንዴት ይመረመራል?

የእንግሊዝ ከተሞችና አጥቢያዎች ከብዙ ሀገሮች የሚበልጥ የቆየ ሰነድ አላቸው። ሰነድ በበዛበት ግን አንዱን መጽሐፍ አምኖ እዚያው መቆም ይመጣል። ይህ መመሪያ አንድ ጥያቄ እንዲያዘወትሩ ይጋብዝዎታል፦ ይህን የጻፈው ሰው ከነገሩ ምን ያህል ይርቃል? ለምሳሌነት ዊልያም ሼክስፒር የተጠመቀበትንና የተቀበረበትን የስትራትፎርድ-አፖን-ኤቨን ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እንወስዳለን። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አጥብበው ግዛቱን ይለዩ

“ስለ ደብሩ ሁሉን ልወቅ” የሚል ሰው ይባክናል። “ይህ ሐውልት ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር ወይ?” ብለው ይጀምሩ። ቀጥለው ደብሩ በዘመኑ በየትኛው ካውንቲና ሀገረ ስብከት ሥር እንደነበረ ያጣሩ። ስትራትፎርድ በዎሪክሺር ካውንቲ ብትሆንም በሼክስፒር ዘመን የምትተዳደረው በዉስተር ጳጳስ ነበር። በ1582 ለጋብቻው የተገባው የዋስትና ሰነድ የተገኘውም ዉስተር ነው።

ደረጃ 2፦ የቀደሙትን የቅርስ መርማሪዎች ያንብቡ

ዊልያም ካምደን በ1586 “ብሪታኒያ”ን፣ ዊልያም ደግዴል ደግሞ በ1656 የዎሪክሺርን ጥንታዊ ቅርሶች መጽሐፍ አሳተሙ። እንዲህ ያሉ ሰዎች የመቃብር ጽሑፎችንና የመስኮት አርማዎችን ገልብጠዋል፤ ዋናው በጠፋበት ቦታ ብቸኛ ምስክር የእነርሱ ግልባጭ ነው። ከእነርሱ በኋላ በ1899 የተጀመረውን “የቪክቶሪያ ካውንቲ ታሪክ” ይመልከቱ። ብዙ ጥራዞቹ “ብሪቲሽ ሂስትሪ ኦንላይን” ላይ ይነበባሉ። የግርጌ ማስታወሻዎቹን ሳይቀዱ አይለፉ፤ ወደ ዋናው ሰነድ የሚያደርሱት እነርሱ ናቸው።

ደረጃ 3፦ ወደ ደብሩ መዝገብ ይሂዱ

በ1538 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ ደብር ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ አዘዘ። በ1598 ደግሞ የወረቀቱ መዝገብ ወደ ብራና እንዲገለበጥ፣ የየዓመቱም ቅጂ ለጳጳሱ እንዲላክ ታዘዘ። የስትራትፎርድ መዝገብ ከ1558 ይጀምራል፤ የሼክስፒር ጥምቀትም በኤፕሪል 26 ቀን 1564 ሰፍሯል። ሆኖም ዛሬ የምናየው ገጽ በ1600 ገደማ የተገለበጠ ነው። ግልባጭ ነው ብለው አይጣሉት፤ ግልባጭ መሆኑን ግን በማስታወሻዎ ላይ ይጻፉ። የደብሩ መዝገብ ከጠፋ ወይም ከደበዘዘ ለጳጳሱ የተላከውን ቅጂ ይፈልጉ።

ደረጃ 4፦ ቀኑን ያስተካክሉ

በእንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ አዲሱ ዓመት የሚብተው በብሥራት በዓል፣ በማርች 25 ነበር። የሼክስፒር መንታ ልጆች ሃምኔትና ጁዲት በፌብሩዋሪ 2 ሲጠመቁ መዝገቡ 1584 ይላል፤ በዛሬው ቆጠራ ግን 1585 ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ያለውን ቀን “1584/85” እያሉ ሁለቱንም ይጻፉ። ይህን የዘለለ ሰው ልጅን ከወላጆቹ ጋብቻ በፊት ሊያስወልድ ይችላል።

ደረጃ 5፦ የሒሳብ ደብተሮችን ይመርምሩ

ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ሀብት ያለው እዚህ ነው። የደብሩ ተመራጮች ለደወል፣ ለጣሪያ፣ ለሻማ የከፈሉትን ጽፈዋል፤ የከተማው ሹማምንትም እንዲሁ። የዊልያም አባት ጆን ሼክስፒር የከተማዋን ገንዘብ በሚቆጣጠርበት ጊዜ፣ በ1563/64 ሒሳብ ላይ፣ በከተማዋ የጊልድ (የማኅበር) ጸሎት ቤት ያሉትን ሥዕሎች ለማበላሸት 2 ሺሊንግ መከፈሉ ሰፍሯል። በ1804 ግን ግድግዳው ከተቀባበት ኖራ ሥር ሥዕሎቹ ብቅ አሉ። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ ዘመን በአንዲት ከተማ እንዴት እንዳለፈ አንድ የወጪ መስመርና አንድ ግድግዳ አብረው ይመሰክራሉ።

እንዲህ ያሉ ሰነዶች አብዛኞቹ ዛሬ በየካውንቲው ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። ከመሄድዎ በፊት የሰነዱን መለያ ቁጥር ከማውጫው ይያዙ፤ እርሳስ ይዘው ይሂዱ፣ እስክሪብቶ አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም።

ደረጃ 6፦ ከሕንፃው ጋር ያስተያዩ

የደግዴል መጽሐፍ የሼክስፒርን ሐውልት ሲያሳይ ምስሉ ትራስ ወይም ከረጢት የመሰለ ነገር በሁለት እጁ ይዟል፤ ብዕርና ወረቀት የለም። ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ያለው ግን ብዕርና ወረቀት ይዟል። ፈጥነው አይፍረዱ። በመጀመሪያ በመጽሐፉ የተሳሉትን ሌሎች ሐውልቶች ከቆሙት ጋር ያነጻጽሩ፤ ሠዓሊው በሌላውም ቦታ ከሳተ ምስክርነቱ ይላላል። ቀጥሎ የጥገና ሰነድ ይፈልጉ፤ ይህ ሐውልት በ1748 እና 1749 ታድሷል።

ደረጃ 7፦ ምስክሮቹን ለይተው ይጻፉ

ለእያንዳንዱ ነጥብ አራት ነገር ያስፍሩ፦ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ ገልብጦ፣ ሰነዱስ አሁን የት አለ? ሁለት ምስክሮች ከተጋጩ ሁለቱንም ያስቀምጡ፤ የሚያምኑትን ከነምክንያቱ ይግለጹ። አንባቢ ድምዳሜዎን ባይቀበል እንኳ በሄዱበት መንገድ ተመልሶ ማጣራት መቻል አለበት።